ረመዳን ያልዞረበት ሲስተም

ያ አሮጌ ኮምፒውተር ሲነሣ እንደሚቆላ ሽንብራ ይንጣጣ ነበር። ራቢዓ ጎንደር ፒያሳ በከፈተቻት የጽሕፈት ሱቅ ዓመታት ሙሉ ቀኗን የጀመረችው በዚያ ድምፅ ነው። ዝም ያለ ዕለት ልቧ ይሸበራል። ኮምፒውተሩን የሚያሠራ አዲስ ሲስተም በወጣ ቁጥር ከአዲስ አበባ በሲዲ ይመጣል፤ አንዱ ማተሚያውን አላውቅም ይላል፣ ሌላው ሥራ መሀል ድርቅ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ «አንድ ረመዳን ሳይዞርበት አላምነውም» ማለት ልማዷ ሆነ።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ግን ደንበኛው አዲስ ኮምፒውተር ወዳለው ጎረቤት ሱቅ ሲሸሽባት ልማዷን ጣሰች። አዲስ ኮምፒውተር ከነአዲሱ ሲስተም ገዛች፤ ጽሑፎቿን ገለበጠችበት፤ አሮጌውን ከከተማው ወጣ ብሎ ጠዳ ላይ ሱቅ ለከፈተው ወንድሟ ለኡዘይር ሰጠች።

በሳምንቱ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ከተፍ አሉ። ሁለት ክረምት ከጎኗ ተቀምጠው የሟች መምህራቸውን ቅኔ በቃላቸው ያስጻፏት እሳቸው ናቸው። እሑድ ኮሶዬ ላይ የመምህሩ ተዝካር ይወጣል፤ ቅኔው ታትሞ ሊነበብ ነው።

ራቢዓ ጽሑፉን በአዲሱ ኮምፒውተር ከፈተችው። ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ብቻ ተደረደረ። የድሮውን የግእዝ ፊደል ልጫን ብትል አዲሱ ሲስተም አሻፈረኝ አለ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ዐመድ መሰለ?»

«ፊደሉን አላውቅም አለኝ፣ የኔታ።»

«ብራናችን ስንት ንጉሥ አሳለፈ፤ ያንቺው መኪና በየሁለት ዓመቱ ከሀሁ ይጀምራል?» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። «እኔ እኮ ግማሹን ረስቼዋለሁ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ስልኳን አንሥታ ለወንድሟ ደወለች። «ኡዘይር፣ ያን ኮምፒውተር ምን አደረግኸው?»

«አዲሱን ልጭንበት ሲዲውን ማስገባቴ ነው።»

«በአላህ፣ እንዳትነካው! አጥፋውና ይዘኸው ና!»

«ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ከጠዳ የሚመጣው ሚኒባስ እስኪደርስ መሪጌታ መቋሚያቸውን ያገላብጣሉ፤ እሷ ሲዲው ገብቶ ምን አጥፍቶ ይሆን ትላለች። ኡዘይር ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ።

ቁልፉን ተጫነችው። ዝም አለ። «ያ ረቢ…» ስትል፣ ሽንብራው መንጣጣት ጀመረ።

ፊደሉ ከነቅጥሉ ወጣ። ወረቀቱም ታተመ። ራቢዓ ግን እጇን ከአሮጌው ላይ አላነሣችም፤ ቢጠፋ ዳግም ይነሣ እንደሆነ ማን ያውቃል?

መሪጌታ ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። «አሄሄ፣ ይህችን ነበር ያጣኋት» አሉ፣ ለእሷ ሳይሆን ለወረቀቱ። ከዚያ ተነሥተው፣ ቅኔውን በለሆሳስ እያዜሙ፣ ደህና ዋይም ሳይሉ ወጡ።