አንገተ ደንዳናው ሾፌር

የከተማ አውቶቡስ ሾፌሩ ሰው ከጎኑ ሲጠራው መላ ሰውነቱን ካላዞረ ማየት አይችልም ነበር። ሰፈርተኛው «ኮርቷል» ብሎ አማው። ሚስቱማ «አንገተ ደንዳና ማለት ያንተ ቢጤ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። በመጨረሻም እሷው ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ ትከሻውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ «አጥንትዎስ ደህና ነው» አለችው። «ጡንቻን ሸፍኖ የሚያያይዘው ስስ ሽፋን ነው የደደረው። እሱ ካልተንቀሳቀሰ መተጣጠፍ ይረሳል። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚያዩት። መኪናውን ባቆሙ ቁጥር አንገትዎን ቀስ እያሉ ግራና ቀኝ ያዙሩ።»

በማግስቱ መነሻው ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ እንደተባለው አደረገ። አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ደርሰው አዩትና ወደ ኋላ ተመለሱ።

«እማማ፣ ምነው ተመለሱ?» አላቸው።

«አይሄድም እያልክ ራስህን ትወዘውዝ የለም እንዴ፣ ልጄ?»

«ኧረ ይሄዳል። አንገቴን እያፍታታሁ ነው።»

«እንዲያ ከሆነማ ለእኔም አሳየኝ» ብለው ከኋላው ተቀመጡ።

ቀስ በቀስ ነገሩ ተዛመተ። ዛሬ በዚያ መስመር የሚሳፈር ሁሉ አውቶቡሱ እስኪነሳ አንገቱን ያዞራል። ሾፌሩም ከመነሳቱ በፊት ዘና ብሎ ዞር ይልና ተሳፋሪዎቹን በፈገግታ ያያቸዋል።