የባለቤቴ መስመርና የእህቷ ማስተካከያ

ባለቤቴ ቀናተኛ ናት። ይህን ስል ብትሰማኝ "ቅናት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው" ትለኛለች። እንግዲህ ጥንቃቄም በሉት፤ አብሬያት የምኖረው ግን እኔ ነኝ። በእኔ ቀንታ አታውቅም፤ መልኬም ቢሆን ለዚያ የሚጋብዝ አይደለም። የምትቀናው በሥራዋ ነው፤ ከሥራዋም ይልቅ በገዛ ታናሽ እህቷ።

ሦስታችንም አንድ መሥሪያ ቤት ነን። እኔ የሰርቨር ክፍሉን ማቀዝቀዣ የምጠብቅ ቴክኒሻን ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ነፋስ ሲጮህብኝ ውዬ እገባለሁ። እነሱ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው በሚያይ ክፍል፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኮድ ይጽፋሉ። እህቷን እዚያ ያስገባቻት ባለቤቴ ናት። በልጅነቷ አዝላ ያሳደገቻት፣ ፊደል ያስቆጠረቻት፣ ኮድ መጻፍንም በእኛው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ያስተማረቻት እሷ ናት። ልጅቷ እየጎበዘች ስትሄድ ባለቤቴ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ቀጥሎ ዝም አለች፤ ቀጥሎ ደግሞ "ይቺ ልጅ ትቸኩላለች" ማለት አበዛች። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ሥራቸውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ እኔም የማውቀው እራት ላይ ስትነግረኝ ነው። እኔ የማቀዘቅዘው ትልቅ ኮምፒውተር ውስጡ ተከፋፍሎ ለብዙ ሰው ይከራያል። እያንዳንዱ ተከራይ ሙሉ ኮምፒውተር ለብቻው እንዳለው ሆኖ ይሠራል፤ ይህን ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። በእያንዳንዱ ውስጥ ከርነል የሚባል አዛዥ አለ፤ ፕሮግራሞች የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ የሚጠይቁት እሱን ነው። አንዳንዱ የሜሞሪ አድራሻ ግን ሜሞሪ አይደለም፤ ወደ ኔትወርክ ካርድ ወይም ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያስገባ በር ነው። ከርነሉ እንዲህ ያለ አድራሻ ሲነካ ይቆምና ባለቤቴ የጻፈችው ኮድ ይነሣል። ትእዛዙን ያነብና ውጭ ያለውን ትልቁን ማሽን "ይህን አንብብልኝ፣ ያንን ጻፍልኝ" ይለዋል። ተከራዩ አከራዩን ስለማያምን በዚያ በር የሚወጣውና የሚገባው ሁሉ መፈተሽ አለበት። ከተከራዮቹ አንዱ ክሊኒክ ነው፤ የስንቱ ሰው የሕመም ታሪክ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል።

በእነሱ ዘንድ ማንም የጻፈው ኮድ ሌላ ሰው "አይቼዋለሁ፣ እስማማለሁ" ብሎ ስሙን ካላሰፈረበት አይገባም። ባለቤቴ ለዚህ የተፈጠረች ናት፤ የእህቷ ኮድ ሲመጣማ እንደ ምስር ነው የምትለቅመው። በዚያ ሰሞን ደግሞ አለቃቸው ሥራ ሊለቁ ነበር፤ የኮዱን ኃላፊነት ከሁለቱ እህቶች ለአንዷ ያስረክባሉ ተብሏል። ባለቤቴ ያን ቦታ ስትመኝ ነው የኖረችው። "ለእሷ ከሰጧት እዚያ ፎቅ አልወጣም" ትለኛለች። እኔ ምን እላለሁ፤ እሺ እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ እህቷ ኮምፒውተሯን አቅፋ ቤት መጣች።

"እትዬ፣ ቅር እንዳይልሽ። አንድ ነገር ላሳይሽ ነው።"

ያሳየቻት ባለቤቴ ከዓመታት በፊት የጻፈችውን አንድ የኮድ መስመር ነው። መስመሩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩን ያንኳኳው ከርነሉ ነው ወይስ ተራ ፕሮግራም? ከርነሉ ከሆነ ያሳልፋል። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም ለከርነሉ አድራሻ ሰጥቶ "ውጤቱን እዚህ አስቀምጥልኝ" ማለት ይችላል። የሰጠው አድራሻ የመሣሪያ በር ቢሆንስ? የሚያንኳኳው ከርነሉ ነው፤ የላከው ግን ፕሮግራሙ ነው። የባለቤቴ መስመር መልእክተኛውን አይቶ፣ ላኪውን ሳይጠይቅ ይከፍታል። እህቷ አድራሻው ራሱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ማስተካከያ ጽፋለች፤ የከርነሉ ካልሆነ በሩ አይከፈትም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ባለቤቴ ደጋግማ አነበበችው።

"ለምን ለሁሉም አልላክሽውም?" አለቻት።

"ቀድመሽ አንቺ እንድታዪው ነዋ። ስምሽንም እንድታሰፍሪልኝ።"

"አዝነሽልኝ ነው?"

"ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣሽ።"

ልጅቷ እንደወጣች ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። "አየሃት? ሰው ፊት ብታዋርደኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን እኮ ተሳሳቿ እኔ፣ ደጓ ደግሞ እሷ ሆነን ቁጭ።"

"ተሳስተሽ የለም እንዴ?" አልኳት። ምን ጥልቅ እንዳደረገኝ እንጃ። ምሳዬን ብቻዬን በላሁ።

ከዚያ የእህቷን ማስተካከያ ለማፍረስ ተቀመጠች። እሁድ ከሰዓት በኋላ እያዜመች ከመኝታ ቤት ወጣች። ስታዜም ሰምቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

"ያዝኳት" አለችኝ።

ሜሞሪ በገጽ በገጽ የተከፈለ ነው። አንድ ንባብ ከአንዱ ገጽ መጨረሻ ጀምሮ ወደሚቀጥለው ሊሻገር ይችላል። እህቷ የምትፈትሸው መነሻውን ብቻ ነው፤ መነሻው ደህና ሆኖ መጨረሻው የመሣሪያ ገጽ ላይ ቢያርፍ አታውቅም።

"ታዲያ ንገሪያታ።"

"እነግራታለሁ፤ አሁን ግን አይደለም። እኔ ስሜን አላሰፍርም፤ ሌላ ሰው አስፍሮላት ይግባ። ከገባ በኋላ፣ አለቃው ሳይመርጡ፣ አወጣዋለሁ።"

"ክሊኒኩስ?"

"ለጥቂት ቀን ነው" አለች። ዓይኔን ግን አላየችም። በቅናቷ እየሳቅኩ የኖርኩ ሰው ያን ቀን አልሳቅኩም።

ሰኞ ስብሰባ ሲቀመጡ መሰላል ላይ ነበርኩ። የስብሰባ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ያንጠባጥባል ተብሎ ነው፤ ያንጠባጥባል ያልኩት እኔው ነኝ። እህቷ ማስተካከያውን አሳየች። አንዱ ባልደረባ ገና ሳትጨርስ "እኔ ስሜን አሰፍራለሁ" አለ። ለባለቤቴ ነገሩ ሁሉ እንደተመኘችው ሆነላት፤ የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነበር።

"እትዬ ካላየችው አላስገባም" አለች እህቷ።

ባለቤቴ ብዕሯን ከፍታ ዘጋች። ከዚያ ተነሥታ ሰሌዳው ላይ ሁለት ገጽ ሣለችና መሻገሪያውን አሳየች። "ይሄ እንዲህ ሆኖ አይገባም" አለች። ከደግነት እንዳይመስላችሁ። ከላይ ሆኜ ፊቷን አይቻለሁ፤ ደስ ብሏታል። ቀዳዳ አይቶ ዝም ማለት ግን ከአቅሟ በላይ ሆነ፤ እህቷን ከመጣል ይልቅ ስህተቱን መጣል በለጠባት።

ልጅቷ ሰሌዳውን ቀርባ አየች። "ልክ ነሽ" ብላ ተቀመጠች። ከምሳ በፊት መጨረሻውንም የሚፈትሽ ኮድ ላከች፤ ከሥሩም "ቀዳዳውን ያገኘችው እህቴ ናት" ብላ ጽፋበታለች። ባለቤቴ አገላብጣ አየችው፤ የሚነቀፍ አጥታ ስሟን አሰፈረች።

በዚያው ቀን አለቃው ቦታውን ለታናሽየዋ ሰጡ።

ባለቤቴ ቢሮአቸው ገብታ "ምን ጎድሎኝ ነው?" አለቻቸው። የመለሱላትን መኪና ውስጥ ነገረችኝ። "በችሎታ አንቺ ትበልጫለሽ፤ አልከራከርም። እሷ ግን ሥራዋን የማይምራትን ሰው ፈልጋ አሳየች። ያንቺ መስመር ስህተቱን ይዞ ይህን ሁሉ ዓመት የተቀመጠው ያንቺን ደፍሮ የሚያይ ስለጠፋ ነው። ሳናነብ ነበር ስማችንን የምናሰፍረው። እኔም እንደዚያው።" ይህን ነግራኝ ሬዲዮውን እንድዘጋው ጠየቀችኝ።

አመሻሽ ላይ እህቷ መጣች። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"እትዬ፣ አልፈልግም ልላቸው ነው። ቦታው ያንቺ ነበር።"

"እስቲ ድፈሪና በያቸው።" ቢላዋውን አስቀመጠች። "ስሚኝ። ቀንቼብሻለሁ። ሥራ ከያዝሽበት ቀን ጀምሮ ነው የቀናሁብሽ፤ አሁንም አንጀቴ አሯል። አዝነሽልኝ ከመለስሽልኝ ግን እህትማማችነታችን እዚህ ላይ ያበቃል።"

ቀናሁ የሚለውን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እህቷ አለቀሰች። ባለቤቴ አላባበለቻትም፤ እጇን ታጥባ ኮምፒውተሯን አመጣችና ከእህቷ ፊት ከፈተችው።

"ይሄ ሁሉ የኔ ነው። ማንም አላየውም። ሌላ ቀዳዳ ካለበት ባዕድ ሳያገኝብኝ አንቺ አግኚው።"

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ማንበብ ጀመረች። ባለቤቴ ከኋላዋ ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ከእሷ እኩል ታነባለች። ሽንኩርቱን እኔ ቀጠልኩ። ወጡንም ሠራሁ። በኋላ የልጅቷ ጣት አንድ መስመር ላይ ቆመ። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ቀጥሎ እህቷን።

"በይ ተናገሪ" አለቻት ባለቤቴ፣ ወንበር ስባ አጠገቧ እየተቀመጠች።