ማኅበሩ ቁጭ ብሎ የሰማው ካሴት

የበደለችኝ የሟች ባሌ እኅት ናት፤ አምና በጥቅምት፣ በማርያም ማኅበር ላይ። የሚቀጥለው ወር የመደገስ ተራ የኔ ነበር። እሷ ብድግ ብላ፣ «የሰይጣን ዘፈን በሚጮኽበት ቤትማ ጠበል ጸዲቅ አይቀመስም» አለች። ተራዬ ታለፈ። ስንት ዘመን አብሬያቸው ማኅበር የጠጣሁ ሴቶች አንዳቸውም አልተናገሩልኝም። ማን የት ተቀምጣ ዝም እንዳለች ዛሬም መናገር እችላለሁ።

የሰይጣን ዘፈን ያለችው አንድ አሮጌ ካሴት ነው። በወጣትነቴ ጽጽቃ ከተማ አጠገብ የውኃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ሠራተኞች ምግብ አበስል ነበር፤ ፈረንጁ መካኒክ ሲሄድ ተወልኝ። ሐርድ ሮክ ይሉታል። ስምንት ዘፈን አለው፤ ቋንቋውን አላውቀውም። ጊታሩ ግን መቆፈሪያው አለቱን ሲበሳ ያሰማ የነበረውን ድምፅ ይመስላል፤ መጀመሪያ ጥርስ ያፋጫል፣ ቆይቶ ግን ሰው ካጠገቡ መራቅ አይፈልግም። እዚህ ሰቆጣ ልብስ ስሰፋ እከፍተዋለሁ። በጾም አልነካውም፤ ይህን የባሌ እኅት አሳምራ ታውቃለች።

ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴያችን የደብተራ ሚስት የነበሩ አሮጊት ናቸው። የገና ጾም ተፈትቶ በዓሉ እንዳለፈ ቤታቸው ሄድኩ።

«ሳይሰሙ ፈረዱብኝ» አልኳቸው።

«እውነትሽን ነው። መጥተን እንሰማዋለን» አሉ።

እሑድ ከሰዓት ማኅበርተኞቹ ሁሉ መጡ፤ እሷም አልቀረችም። በምሰፋው ጨርቅ መሀል ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ቴፑን ከፈትኩ።

«ምነው፣ ሰውየውን ጥርሱን እየነቀሉት ነው?» አለች አንዷ። ሳቁ።

«አላልኳችሁም?» አለች የባሌ እኅት።

«ኧረ ዝም በይ፣ ከበሮውን ልስማበት!» አለቻት ያችው ሴት።

አራተኛው ዘፈን በዝግታ ይጀምርና መሀል ላይ ጸጥ ይላል። ያለቀ መስሏቸው እልል አሉ። እልልታው ሳያባራ ከበሮው ተመልሶ ገባ፤ ፈጠነ፣ ፈጠነ። ሙሴያችን በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ጽፋት!» አሉ። «ባለቤቴ ማኅሌት ሲቆም ከበሮው ለስለስ ብሎ ተነሥቶ መጨረሻ ላይ እንዲህ ነበር የሚፈጥነው፤ ጽፋት ይሉታል። ይሄ ሰው የት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚለቅ ያውቃል።»

«እመይቴ፣ ከማኅሌት ጋር ያስተካክሉታል?» አለች የባሌ እኅት።

«አላስተካከልኩም። ጸሎት አይደለም፤ ሙያ ግን ነው። ሰይጣን እንዲህ ልክ አያውቅም።»

የባሌ እኅት ነጠላዋን አስተካከለች። ሁለቱንም ገጽ ሰሙ። ስለ ጥርስ የቀለደችው ስድስተኛውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ በጆሮዋ ቀናሁ፣ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ መሆኑን እኔ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሲወጡ ሙሴያችን የጥር ማርያም ድግስ የኔ ነው አሉ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

በጥር ደገስኩ። ለባሌ እኅት ጠላ ቀዳሁላት። አላናገርኳትም።