የልቅሶ ነጥብ

ልቅሶ በነጥብ ሲደረስ ያየሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው። ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ሌላው በሚጨርስበት ዕድሜ፣ በማታ ክፍል ነው። ያን ጊዜ አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ ልጅ በኋላ ለማታ ተማሪዎች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ከፈተ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ መልሱ የረዳው ሰው ከጎኑ ያለችውን ቀስት ይጫናል፣ ለመላሹ ነጥብ ይያዝለታል። ነጥብ የበዛለት መልሱ ከላይ ይቀመጣል። ነጥቡ ከተወሰነ ልክ ያለፈ ደግሞ የሌላውን መልስ የመሰረዝ ሥልጣን ያገኛል። ልጁ "አንቺ እንደሆነ ነገር አታሳልፊም" ብሎ የዳታቤዙን መግቢያ ለእኔም ሰጠኝ። የተዛባ ነጥብ ሳገኝ የነጥቡን ሠንጠረዥ ከፍቼ በእጄ አስተካክላለሁ።

ከመላሾቹ አንዱ ለቡ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው አረፉ። አባላቱ በየሰፈሩ የተበተኑ ስለሆኑ ድንኳን ድረስ መሄድ ያልቻለው ብዙ ነው። አንዷ "በያለንበት ነጥብ እየሰጠን ልቅሶ እንድረሳቸው" ብላ ጻፈች። አለቀ። የድሮ መልሶቻቸውን እየጎተቱ፣ ሳያነቡ፣ ቀስት መጫን ሆነ። ነፍስ ይማር፣ ቀስት። እግዜር ያጥናዎ፣ ቀስት።

እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ከቤቴ ሥር ሱቅ ባላት ጎረቤቴ በኩል ነው። ማታ የምትማር፣ ፈተናው ደጋግሞ የጣላት፣ ዘንድሮም ካልሆነልኝ እተወዋለሁ ያለች ሴት ናት። ዕቃዬን በፌስታል እያስገባች ያጠናችውን ነገረችኝ፤ አየር በሌለበት ቦታ ከባድና ቀላል ነገር አብረው ቢለቀቁ ከባዱ ቀድሞ ይወድቃል። ከየት አመጣሽው አልኳት።

"ከላይ የተቀመጠው መልስ ነዋ። ያን ሁሉ ነጥብ ዝም ብለው አይሰጡም።"

ቤቴ ገብቼ ሳየው የመምህሩ የድሮ መልስ ነው። ትክክለኛውን የጻፈች አንዲት የፉሪ ልጅ ነበረች፤ መምህሩ ባገኙት አዲስ ሥልጣን ሰርዘውባታል። ሠንጠረዡን ከፈትኩ። በኀዘኑ ሰሞን የገባውን ነጥብ ለይቼ ቀነስኩ፤ ከዚያ በፊት በሥራቸው ያገኙትን አንዷንም አልነካሁም። የልጅቷንም መልስ ወደ ቦታው መለስኩ።

የድረ ገጹ ባለቤት ወዲያው ደወለ። "እትዬ፣ ሰውየው ገና ጥቁር እንኳ አላወለቁም። ከኀዘንተኛ ላይ ይቀማል?"

"ልቅሶ ከሆነ ተነሱና ድረሱ" አልኩት። "ፊዚክስ ውስጥ ምን አስገባችሁት?"

ልበ ደረቅ ነሽ አለኝ፤ ንባብ ብቻውን ሰው አያደርግም አለኝ። ስልኩን ዘጋብኝና ነጥቡን ራሱ መለሰው። የቀነስኩትን ልክ እንኳ አልመለሰም፤ ለክብራቸው ብሎ ጨምሮበት፣ በዜሮዎች የሚያልቅ ያማረ ቁጥር ጻፈ። መምህሩም ሥልጣናቸው ሲመለስ የልጅቷን መልስ ዳግም ሰረዙት።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ለቡ ሄድኩ። መምህሩ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እግዜር ያጥናዎ ብዬ ከጎናቸው ተቀመጥኩና የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ያን መልስ ሲጽፉት እርግጠኛ እንዳልነበሩ አልደበቁኝም።

"ያ ሁሉ ሰው ልክ ነዎት ሲለኝ አመንኩ" አሉ። "ልጅቷ አሳሳች መሰለችኝ። ለመሆኑ ከዚያ ሁሉ ማን አንብቦታል?"

"ማንም" አልኳቸው።

ፊታቸውን ሳይ፣ ይህን ቃል ከአፌ ያስወጡኝን ሁሉ በልቤ ረገምኳቸው። ሰውን በኀዘኑ ከስህተቱ ጋር ትተውት የተገላገሉት እነሱ ደጎች ተባሉ፤ እውነቱን ፍራሹ ድረስ ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ልበ ደረቅ ነኝ። መምህሩ ስልካቸውን አንስተው የሰረዙትን የልጅቷን መልስ መልሰው አወጡ፤ የራሳቸውን አጠፉና በቦታው "ተሳስቼ ነበር" ብለው ጻፉ።

ስመለስ ጎረቤቴ ሱቅ ገባሁ።

"አንቺ፣ ለካ እኩል ነው የሚወድቁት" አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ሲል ስልኳን አየሁት። "ተሳስቼ ነበር" ለሚለው ቀስት ይጎርፍለታል። እሷም ዓይኔ እያየ ተጫነች። ምን ስላደረጉ ነው አልኳት።

"ሚስታቸው ሞተው እኮ ነው" አለችኝ፣ እንደ ጨካኝ እያየችኝ። "ትንሽ አታዝኚም?"

ሳልሰናበታት ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሠንጠረዡን ከፈትኩ።