የቢላ ማርና የክሊኒኩ ኪኒን

ባለቤቴ አናጢ ነበር። በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ውስጥ፣ ከቤታችን ጎን ባለች ዳስ ሥር በርና አግዳሚ ወንበር ይሠራ ነበር። የዋንዛ ሰጋቱራ ሽታ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያጋጥመኝ ቆም እላለሁ። ለእኔ የቤቴ ሽታ ነው። ለእሱ ደረት ግን አይስማማም ነበር፤ አስም ነበረበት።

የከተማችን ክሊኒክ ድሬሰር፣ ያኔ ሐኪማችን እሱ ነበር፣ ኪኒን ሰጥቶታል፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። «ቢሻልህም እንዳታቋርጥ» ብሎት ነበርና አላቋረጠም። ጠዋት ጸልየን ስንነሳ ኪኒኑን በውሃ ይውጥና ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔም ጓዳ ሆኜ የመጋዙን ድምፅ ስሰማ ተመስገን እላለሁ። ብዙ ወራት እንዲህ በሰላም አለፉ።

አንድ የመኸር ሰሞን አማቴ ከአገራቸው ከቢላ መጡ። ጭነት መኪና ላይ ቅል ሙሉ ማር ታቅፈው ነበር የመጡት። ማሩን ቤታቸው ሳሉ በተወቀጠ ጥቁር አዝሙድና በነጭ ሽንኩርት ለውሰውታል። አማርኛ ብዙ አይወዱም፤ እኔም ኦሮምኛን የለመድኩት ከእሳቸው ነው።

«አካም ጅርቱ?» ብለው ደህንነታችንን ጠየቁና ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተ ነህ እንጨቱን የምትፍቀው ወይስ እንጨቱ ነው አንተን የሚፍቅህ?»

«ደህና ነኝ፣ ሃርሜ» አላቸው፤ እናቴ ማለቱ ነው።

«ደህና ሰው ኪኒን ይበላል?»

በዚያን ጊዜ በእኛ ዘንድ የታመነ ነገር ነበር። ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ሆድ ውስጥ ይጣላሉ ይባላል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው መቅረት አለበት። አማቴም ማሩ እስኪሠራለት ሰባት ቀን ኪኒኑ ይቅር አሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። የእሳቸውን ቃል መግፋት አልሆነልኝም፤ እውነቱን ልናገርና እኔም አምኜበት ነበር። ኪኒኖቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው።

መጀመሪያ ደስ አለው። ማንኪያውን እየላሰ «መድኃኒት እንዲህ ከሆነስ ዕድሜ ልኬን ልታመም» ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። «በሽታው እየወጣ ነው» አሉ አማቴ።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ መጋዙ ዝም አለ። ሮጬ ስወጣ በሁለት እጁ የሥራ ጠረጴዛውን ተደግፎ ጎንበስ ብሏል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ስጮህ ጎረቤታችን ጉራጌው ባለሱቅ ሱቁን ክፍት ትቶ ከሦስት ሰዎች ጋር መጣ። መተኛት ስላልቻለ፣ ሲሠራው በነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ለአራት ተሸክመው ወደ ክሊኒኩ ሮጡ። እኔና አማቴ ከኋላ ተከተልን።

ድሬሰሩ መርፌውን እያዘጋጀ «ኪኒኑን እየወሰደ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ባለቤቴ መናገር አልቻለም። አማቴ መሬት መሬት ያያሉ። ይወስዳል ብል፣ ኪኒኑ አልሠራም ብሎ ሌላ ነገር ሊሰጠው ነው። አይወስድም ብል፣ እናቱን በሰው ፊት ማዋረዴ ነው። ጌታ አፌን ከፈተልኝ።

«አቁሟል። አምስት ቀኑ ነው። የደበቅሁበት እኔ ነኝ።»

አማቴ ቀና አሉ። «እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አሉ በኦሮምኛ። «ልጅቷን እንዳትቆጣ።»

ድሬሰሩ ማንንም አልተቆጣም። መርፌውን ወጋውና አጠገቡ ቆመ። እኔ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም፤ «ጌታ ሆይ» ብቻ እል ነበር። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ረዘመ፣ ከንፈሩም መልኩን ያዘ። ድሬሰሩ ያን ጊዜ ነው ኪኒኑ ለምን እንደቆመ የጠየቀው። አማቴ ስለ ማሩ ነገሩትና «ይጣላሉ ብለን ነው» አሉት።

«አዴ፣» አላቸው እንደ እናት አክብሮ፣ «ማርና ኪኒን የት ተዋውቀው ነው የሚጣሉት?»

የታመመው ራሱ ፈገግ አለ።

«ማሩን ከወደደው ይብላው» አለ ድሬሰሩ። «ከአስም ያድነዋል ግን አልልዎትም። ኪኒኑን የሚተካለት ምግብ የለም።»

አማቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሰነበቱ። ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን በመዳፋቸው ይዘው ፊቱ ይቆማሉ። «አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ።» ባለ ጺሙ አናጢ እንደ ሕፃን አፉን ይከፍታል። መዋጡን ካላዩ የማር ማንኪያውን አይሰጡትም። ባለሱቁ በአጥር ላይ አሻግሮ እያየ «ጡትም ይጨምሩለት እንጂ!» እያለ ይስቅበት ነበር። ወደ ቢላ ከተመለሱ በኋላም በየመኸሩ አዲስ ማር ይልካሉ፤ የማንኪያው ሥራም ለእኔ ቀረ።

ባለቤቴ አርጅቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ በእርጅና ነው ያረፈው። ማሩ ደረቱን ጠቅሞት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ከኋላው ማር አለና፣ ያን መራራ ኪኒን አንድ ጠዋት እንኳ ሳያጉረመርም ይውጠው ነበር። ስለ ሁለቱም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።