መስታወት የሚጭረው ጠጠር

ባለመስታወቱ የገዛ አፉን እንደዚያ ሰሞን ረግሞት አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መስታወት ሲቆርጥ ኖሮ መዘዙ የመጣው በአንዲት ጉራ ነው። ቤተሰቡ በተሰበሰበበት መቁረጫውን ከኪሱ አውጥቶ፣ «ጫፏ አልማዝ ነው፤ መስታወትን ከአልማዝ በቀር የሚደፍረው የለም» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! የእህቱ ባል ሰማ።

የእህቱ ባል የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን አንድ ነገር ከያዘው በጄ አይልም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከወንዝ ዳር ነጫጭ ጠጠር እየለቀመ የቤቱን መስኮት ሲጭር ከረመ። ሰኞ ረፋድ ላይ አንዱን በመሀረብ ጠቅልሎ ሱቁ ከች አለ። በደረት ኪሱ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ይዟል። ሚስቱ ደግሞ አራተኛ ልጇን አርግዛለች።

«ጋሼ፣ ቆረጠው! አልማዝ አገኘሁ! ከምሳ በፊት ደብዳቤውን ለዳይሬክተሩ እሰጣለሁ። በር ስከፍትና ስዘጋ አላረጅም!»

ባለመስታወቱ ደሙ ፈላ። ጠጠሩን ወደ ብርሃን አነሳው። ወተት የመሰለ፣ ወንዝ አሽቶ ያለሰለሰው ነው።

«ኳርትዝ እኮ ነው! ተራ ድንጋይ! ኳርትዝም ከመስታወት ይጠነክራል፤ ይጭረዋል። ቢላዋም አይበግረውም። ያን ዕለት ያወራሁት ጉራ ነው። ዋሸሁህ፣ በቃ!»

«ያኔ ነው የዋሸኸኝ ወይስ አሁን?»

ወይ ጣጣ! ወጥቶ ደጁ ላይ ከተደፋው ጠጠር እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ተመለሰ። ነጭ ነጩን እየመረጠ በቁራጭ መስታወት ላይ ጫረበት። አንዱ ጫረ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ጫሩ።

«አየህ? ይሄም! ይሄም! ሰው ሁሉ የሚረግጠው ጠጠር ነው! ገባህ?»

ዘበኛው ዓይኑን ከጭረቶቹ ላይ አልነቀለም። ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ገባኝ» አለ።

ባለመስታወቱ እፎይ ብሎ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«ገባኝ ጋሼ። ለካ ደጅህ ሞልቶልህ ነው የምትከለክለኝ! ለእህትህ እንኳ አታዝንም?»

ደብዳቤውን ከኪሱ መዝዞ ወጣ። ደጁ ላይ ጎንበስ ብሎ ሦስት ነጫጭ ጠጠሮች አነሳ። ባለመስታወቱ «ኧረ በፈጠረህ! ኧረ ስማኝ!» እያለ እስከ አስፋልቱ ተከተለው። ሰውዬው ዞር ብሎም አላየው፤ ወደ ትምህርት ቤቱ ታጠፈ።