ድንጋይ ተሸክሞ የወደቀው ተዋናይ

ከጎንደር የተነሣነው ረፋድ ላይ ነው። አምስት ሰው ከነካሜራው በአንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ተጠቅጥቀን፣ የፊልማችንን የመጨረሻ ትዕይንት ደባርቅ ልንቀርጽ። ድርሰቱ የእኔ ነው። አንድ የስሜን ገበሬ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ የባለሥልጣን ልጅ ያገባል። ከትልልቆቹ ማዕድ ላለመነሣት ሲል የአማቱን ገመና ይሸፍናል፤ በኋላም ገመናውን ያየውን የግቢ ዘበኛ፣ ያውም የአገሩን ልጅ፣ ገድሎ በአደጋ ሞተ ያስብላል። በመጨረሻ ሕሊናው አላስቀምጥ ሲለው ተመልሶ በሟች ወገኖች እግር ላይ ይወድቃል።

እውነቱን ልናገርና፣ ታሪኩን ከራሴ አላፈለቅሁትም። አንድ ሾፌር ነው ቦሌ የነገረኝ፤ ግቢውንም በጣቱ አሳይቶኛል። ሟቹ አለምነው የሚባል የደባርቅ አካባቢ ልጅ ነበር አለኝ። ስሙ ስለጣመኝ እንዳለ ጻፍኩት። ይህን ለአዘጋጁ ለዮናስ ትንፍሽ አላልኩም፤ ደራሲ መባል ደስ ይላላ!

ዳባት፣ ምሳ

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ጠጠሩ መንገድ አንጀታችንን ናጠው። ዳባት ስንደርስ አቧራው ቅንድባችንን አሽብቶታል። የበግ ቅቅል ከነመረቁ ቀረበልን፤ ከብርዱ ጋር ስምም ነው። ባለቤቷ ካሜራውን አየችና፣

"ጭላዳ ዝንጀሮ ልታነሡ ነው?" አለችን።

"የለም፣ ስለ ሰው ነው።"

"ስለ ሰውማ እዚሁ ተቀምጠን የምናየው ይበቃናል" ብላ ሳቀችብን። እኛም ሳቅን።

ደባርቅ

ወደ ማታ ቄስ ሞላ ቤት ሄድን። ሽማግሌ ሆነው እንዲተውኑልን ቀደም ብለን በሰው ልከንባቸዋል። በዚህ አገር ደም ያለበት ሰው ሊታረቅ ሲመጣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይወድቃል፤ ድንጋዩን የሚያነሣለት የሟች ወገን ብቻ ነው። ካነሣለት ደሙ ደረቀ ማለት ነው፤ ወደኋላ የለም።

"ለጨዋታ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ግን አይተን አናውቅም፤ ባይሆን ባዶ ጫንቃውን ቢወድቅስ?" አሉን ቄስ ሞላ።

"አባታችን፣ ያለ ድንጋዩ ማን ያምነናል?" አላቸው ዮናስ።

መቋሚያቸውን አገላበጡ። ደስ እንዳላቸው ግን እንጃ።

ወደ ቡይት ራስ

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ወጥተን ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው ዳገት ላይ ካሜራ ተከልን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረድፍ ተቀመጡ። ከኋላቸው ለማየት የመጣው ሕዝብ ካሰብነው በላይ ሆነብን፤ ከጃናሞራ በኩል ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረም ነበረበት።

ዋናው ተዋናያችን ሳምሶን ድንጋዩን ተሸክሞ መጣና ተንበረከከ። አንጀት በሚበላ ድምፅ፣ "ደም አለብኝ። የአለምነው ደም አለብኝ። ቦሌ፣ በትልቅ ሰው ግቢ ውስጥ የገደልኩት እኔ ነኝ" አለ።

ያኔ ከሕዝቡ መሐል ጠመንጃ የያዘ ጎልማሳ ወጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ ሳምሶን በእኔ ጦስ ሊሞት ነው አልኩ። ሰውየው ግን ጠመንጃውን ቄስ ሞላ እግር ሥር አጋድሞ ዞር አለ። ከኋላው ቆብ የደፉ አንዲት መነኩሲት በዘንግ እየተደገፉ ይመጣሉ።

ሳምሶን አንገቱን እንደደፋ ነው፤ ትወና መስሎታል። መነኩሲቷ ዘንጋቸውን ጣሉና በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከጫንቃው አነሡለት።

"እግዚአብሔር ይፍታህ። በአደጋ ሞተ ቢሉኝም አላመንኩም፤ ስድስት ዓመት ጠበቅሁህ። ደሳለኝ ሰው ሳይገድልብኝ መጣህልኝ" አሉ።

የአለምነው እናት ናቸው። ደሳለኝ ደግሞ ወንድሙ። ደም ያለበት ሰው ሊወድቅ ነው የሚል ወሬ ሰምተው ሌሊቱን ከጃናሞራ የመጡት እነሱ ኖረዋል። ዳገቱ በእልልታ ተናጋ። ዮናስ ክንዴን ጨምድዶ፣ "ዝም በል፣ እየቀረጽን ነው" አለኝ። ዝም ብል ፊልማችን ያምራል፣ እናትም ደስ ብሏቸው ይገባሉ። ጠመንጃው ደግሞ እዚያው ተጋድሟል። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ግን በሐሰት ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝ፤ ገዳዩ በሰላም እየኖረ እሳቸው ደም ደረቀ ብለው ይሞታሉ። ሄድኩና እግራቸው ላይ ተደፋሁ።

"እማሆይ፣ ይህ ልጅ ማንንም አልገደለም። ፊልም ነው። የልጅዎን ታሪክ ሰምቼ፣ ስሙን እንኳ ሳልቀይር የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ደሳለኝ ወደ ጠመንጃው ተራመደ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አውጥተው መሐል ቆሙ፤ "በዚህ መስቀል! ማለፍ የለም" አሉት። ቆመ። ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ሲመታ አየሁት።

እማሆይ ድንጋዩን ገና እንደታቀፉ ናቸው።

"እንግዲያ የገደለው አልመጣም?" አሉኝ።

"አልመጣም፣ እማሆይ።"

"ታዲያ ይችን ድንጋይ የት ላስቀምጣት ልጄ?"

ሲያለቅሱ ሳምሶን ቀስ ብሎ ድንጋዩን ተቀበላቸው። እሱም ያለቅስ ነበር።

መልስ

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ስድስት ሆነናል። ደሳለኝ ጠመንጃውን ለቄስ ሞላ አደራ ሰጥቶ፣ ሰው ላይገድል ለእናቱ ምሎ ከእኛ ጋር ተሳፈረ። "ግቢውን ታሳየኛለህ፤ ሌላ ካንተ የምፈልገው የለም" አለኝ። ዮናስም አኮረፈኝ። ትዕይንቱን ቆርጠን እንድናወጣ ለምኜ ለምኜ በግድ ነው የተስማማው።

የሰው ሐዘን ወግ ሆኖ ሲነገር ባለቤት የሌለው ይመስላል። ባለቤት አለው፤ ሌሊቱን በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ ባለቤት። ይህን ለመማር ስሜን ድረስ መሄድ አልነበረብኝም።

ቤቴ ከመግባቴ በፊት ደሳለኝን ቦሌ ወስጄ ከግቢው በር አቆምኩት። አንኳኳ። አዲስ ዘበኛ፣ ገና ጢም ያላወጣ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ "ማንን ፈልጋችሁ ነው?" አለ።

ደሳለኝ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"አንተ የማን አገር ልጅ ነህ?" አለው። "እናት አለችህ?"